ዕዳውን በጉልበቱ የከፈለው ሚሲዮናዊ

ቅዳሜን የሚያህል ቀን ለዚህ ጉባኤ ስለሰጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። አንዳንዶቻችሁ የሌሊት ፈረቃችሁን ጨርሳችሁ ሳትተኙ መምጣታችሁን ዓይናችሁ ይናገራል። ሌሎቻችሁ ደግሞ ከዚህ ስንወጣ በቀጥታ መሪ ለመጨበጥ እንደምትሄዱ አውቃለሁ። የዛሬው ነገሬ በተለይ ከእናንተ ጋር የሚገናኝ ነው።

የወጣቶች አገልግሎት ኮሚቴ የሰጠኝ ርእስ «በአሜሪካ ታሪክ የታወቁ የእምነትና የተልእኮ ሰዎች» የሚል ነው። በርእሱ ውስጥ ያለችው «የታወቁ» የምትል ቃል ብዙ አሳሰበችኝ። በማን ዘንድ የታወቁ? ሐውልት የቆመላቸውን፣ ኮሌጅ በስማቸው የተሰየመላቸውን ሰዎች ዘርዝሬ መመለስ እችል ነበር። እኔ ግን አንድ ሰው ይዤላችሁ መጥቻለሁ። ጆርጅ ላይል ይባላል። እስቲ ስሙን ከዚህ በፊት የሰማችሁ እጃችሁን አውጡ። ሁለት እጅ አየሁ። እግዚአብሔር ይስጣችሁ፤ አውርዱ።

ንግግሬ ሦስት ነገር ይዟል። በመጀመሪያ ላይልን አስተዋውቃችኋለሁ፤ ረዘም የምልበትም እዚያ ነው። ቀጥሎ በዚያው ዘመን ስለነበሩት፣ አምላኩን እያመለኩ ወገኖቹን በባርነት ስለገዙት ሰዎች እምነት እናገራለሁ። በመጨረሻ ወደ እኛ፣ ወደዚህ አዳራሽ እመጣለሁ። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የተልእኮ ታሪክ ስንማር አብዛኛውን ጊዜ ከዊሊያም ኬሪ እንጀምራለን፤ ጫማ ሰፊው እንግሊዛዊ በ1793 ሕንድ ገባ። ከዚያ ወደ አሜሪካ እንሻገርና አዶኒራም ጀድሰንና ባለቤቱ አን በ1812 ከሴለም ወደብ ተነሥተው በስተመጨረሻ በርማ መድረሳቸውን እንማራለን። ሁለቱንም አከብራለሁ። ጀድሰን በበርማ እስር ቤት በሰንሰለት ታስሮ ሳለ አን ያየችውን መከራ ያነበበ ሰው ስማቸውን አቅልሎ አይጠራም። ነገር ግን ኬሪ ሕንድን ከመርገጡ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ፣ ጀድሰን ከሴለም ከመነሣቱ ደግሞ 29 ዓመት ቀደም ብሎ፣ ከጆርጂያ የተነሣ አንድ ጥቁር ሰባኪ ጃማይካ ውስጥ ኪንግስተን ወደብ ላይ ወርዶ ነበር። ጊዜው ጥር 1783 ነው። የላከው የሚሲዮን ማኅበር አልነበረም። የተዋጣለት ገንዘብ አልነበረም። የሸኘው ጉባኤም አልነበረም። የመጣው በሰው ዕዳ ተይዞ፣ ዕዳውን በጉልበቱ ሊከፍል በውል የታሰረ አገልጋይ ሆኖ ነው። ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ከአሜሪካ ባሕር ተሻግሮ ወንጌል የሰበከ የመጀመሪያው ሚሲዮናዊ የሚሉት ይህን ሰው ነው።

እዚያ እንዴት ደረሰ? ላይል በ1750 አካባቢ ቨርጂኒያ ውስጥ በባርነት ተወለደ። እናቱ ናንሲ ትባል ነበር። እርሱ ራሱ በኋላ በጻፈው ደብዳቤ ስለ ወላጆቹ ብዙ እንደማያውቅ ይናገራል፤ ገና ልጅ ሳለ ከቦታ ቦታ ተወስዷል። አንድ ነገር ግን ከነጩም ከጥቁሩም ሲነገር ሰምቷል፤ አባቱ በዚያ አገር ካሉት ጥቁሮች መካከል ጌታን በመንፈስ ያወቀ ብቸኛው ሰው እንደነበረ። ልጁ ከአባቱ የወረሰው ይህችን ወሬ ብቻ ነው። ከእናንተ መካከል አባቱን በወሬ ብቻ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ ይበልጥ ይገባዋል።

በ1773 በጆርጂያ በርክ በሚባል አውራጃ ማቲው ሙር የተባለ የባፕቲስት ሰባኪ ሲሰብክ ሰማ። ሰምቶ በማግስቱ አልዘለለም፤ አምስት ስድስት ወር ያህል ስለ ነፍሱ ሲጨነቅ ከርሞ ነው ሰላም ያገኘው። ተጠመቀ። ከዚያ ያደረገውን ልብ በሉልኝ። የመዝሙር መጽሐፍ ይዞ ወደ ወንድሞቹ፣ ወደ ባሪያዎቹ ሄደ። መዝሙሩን ያነብላቸዋል፣ አብረው ይዘምራሉ፣ ልባቸውን የነካውን ስንኝ እርሱ ይተረጉምላቸዋል። የመጀመሪያው የስብከት ትምህርት ቤቱ ይህ ነው። ቀጥሎ በሳቫና ወንዝ ዳር ካሉት ሰፋፊ እርሻዎች ወደ አንዱ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው እየሄደ ይሰብክ ጀመር። በወንዙ ማዶ በደቡብ ካሮላይና ሲልቨር ብላፍ በሚባል ስፍራ ከሰሙት መካከል ዴቪድ ጆርጅ የተባለ ባሪያ ነበር። ይህ ሰው በኋላ ወደ ኖቫ ስኮሺያ፣ ከዚያም በ1792 ወደ ሴራሊዮን ተሻግሮ በአፍሪካ ምድር ቤተ ክርስቲያን መሠረተ። አንድ የመዝሙር መጽሐፍ እስከ ፍሪታውን ደረሰ ማለት ነው።

የላይል ጌታ ሄንሪ ሻርፕ በዚያው በሙር ቤተ ክርስቲያን ዲያቆን ነበር። ላይል ያለ ከልካይ እንዲሰብክ ብሎ ነጻ አወጣው። ከዚያ የአሜሪካ የነጻነት ጦርነት መጣ። ሻርፕ ከእንግሊዝ ንጉሥ ወገን ቆሞ ሲዋጋ ሞተ። ወራሾቹ ላይል ነጻ መውጣቱን አንቀበልም አሉና አሰሩት። የነጻነት ወረቀቱን አሳይቶ ከእስር ወጣ። ሆኖም ጆርጂያ ከዚያ በኋላ ለእርሱ የምታስተኛ አገር አልነበረችም። ከርክላንድ የሚባል የእንግሊዝ ወገን የሆነ ኮሎኔል ረዳው፣ ገንዘብም አበደረው። በ1782 እንግሊዞች ሳቫናን ለቅቀው ሲወጡ ላይል ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር አብሮ ለመውጣት ተነሣ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። መርከቧ ከሳቫና ዝቅ ብሎ ታይቢ በሚባለው ስፍራ ለመነሣት ቆማለች። ሚስትና ልጆች አሉት፣ ዕዳ አለበት፣ ወረቀቱን የማይቀበሉ ሰዎች ከኋላው አሉ። ይህ ሰው ግን ወደ ሳቫና ተመልሶ አራት ሰዎች አጠመቀ፤ አንድሩ ብራያንን፣ ሚስቱን ሐናን፣ ኬት ሆግንና ሐጋር ሲምሰንን። ከዚያ ሄደ። አንድሩ ብራያን የሰው ንብረት የሆነ ባሪያ ነበር። ከላይል ጋር ዳግመኛ አልተገናኙም። ብራያን ግን መስበክ ጀመረ። ስለዚህም ከወንድሙ ከሳምሰን ጋር ተይዞ ደሙ እስኪፈስ ተገረፈ። ያን ጊዜ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ለክርስቶስ ሲል መገረፍ ብቻ ሳይሆን መሞትም ደስታው መሆኑን ለገራፊዎቹ ነገራቸው። ዛሬ ሳቫና ከተማ ፍራንክሊን አደባባይ ላይ የቆመችው የመጀመሪያዋ አፍሪካዊ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን የዚያ ሰው ፍሬ ናት። በመርከብ ለመሄድ በተዘጋጀ ሰው የመጨረሻ ቀናት ውስጥ የተደረገ ጥምቀት ነው!

ኪንግስተን ከደረሰ በኋላ ላይል ሁለት ዓመት ሠርቶ ዕዳውን ከፈለ። የራሱንና የቤተሰቡን የነጻነት ወረቀትም አወጣ። በ1784 በአንድ ጠባብ መኖሪያ ቤት መስበክ ጀመረ፤ ቤተ ክርስቲያኑን ሲመሠርት አብረውት የነበሩት ከአሜሪካ የመጡ አራት ሰዎች ብቻ ናቸው። በ1791 ለንደን ላለ ጆን ሪፖን ለተባለ መጋቢ በጻፈው ደብዳቤ ጃማይካ ውስጥ 400 ያህል ሰው ማጥመቁን፣ አባላቱም 350 ገደማ መሆናቸውን ገልጿል። ኪንግስተን ላይ በባሕር፣ ስፓኒሽ ታውን ላይ በወንዝ ነበር የሚያጠምቀው። ሪፖን ስለ ደሞዙ ሳይጠይቀው አልቀረም፤ ላይል ሥራው ገበሬ መሆኑን፣ የእርሻ ወራት ስለማያስተማምን ደግሞ ፈረሶችና ጋሪ ይዞ የሰው ዕቃ በማመላለስ እንደሚተዳደር አስረዳ። ከአባላቱ ገንዘብ አልተቀበለም። ለምን እንደሆነም ነገረው፤ አብዛኞቹ ባሪያዎች ናቸው፣ ለሳምንቱ ምግባቸው ከምትሰፈርላቸው ጥቂት ሳንቲም ላይ ምን ይቀበላል?

ኡበር የምትነዱ፣ ታክሲ የምትነዱ፣ የጭነት መኪና ይዛችሁ ከግዛት ግዛት የምትሄዱ ወንድሞቼ፣ አሁን ለምን በእናንተ እንደጀመርኩ ገባችሁ። የዚህ አገር የመጀመሪያው ሚሲዮናዊ ሙያ የእናንተ ሙያ ነው። በሳምንቱ ጋሪ ይነዳል፣ እሑድ ያጠምቃል። «ሥራዬ ፋታ ሲሰጠኝ አገለግላለሁ» የምንል ሰዎች ብዙ ነን፤ እኔም ለዓመታት ብያለሁ። ላይል ፋታ አልጠበቀም።

መከራውም አልቀረለትም። በስብከቱ ሕዝብ ታነሣሣለህ ተብሎ ታሰረ፤ ልክ እንደ ጳውሎስና ሲላስ እግሩ በግንድ ተጠረቀ። በኋላም ነጻ ወጣ። በኪንግስተን ምሥራቃዊ ጫፍ መሬት ገዝቶ በ1793 ላስጨረሰው ጸሎት ቤት በገባው ዕዳ ደግሞ ሌላ ጊዜ ታሰረ። በዕዳ ታስሮ የመጣ ሰው ለእግዚአብሔር ቤት ዕዳ ገብቶ ዳግመኛ ወኅኒ ወረደ።

አሁን ከባድ ነገር ልነግራችሁ ነው፤ ባልነግራችሁ የዋሸኋችሁ ይመስለኛል። ጸሎት ቤቱ ደወል ነበረው። ላይል ስለዚህ ደወል ሲጽፍ በዋናነት ለአባላቱ ታስቦ እንዳልሆነ ይናገራል። ደወሉ የሚደወለው የባሪያዎቹ ጌቶች ጉባኤው የሚሰበሰብበትን ሰዓት እንዲያውቁ፣ ሰዎቻቸውም በጊዜው እንደሚመለሱላቸው እንዲተማመኑ ነው። አባል መሆን የሚፈልግ ባሪያም ከጌታው ፈቃድ ማምጣት ነበረበት። የቤተ ክርስቲያኑ የኪዳን ሰነድም ለባለ ሥልጣናትና ለባለ ርስቶች ታይቶ ነበር።

ይህን ያነበብኩ ቀን መጽሐፉን ዘግቼ ወጣሁ። ያ ደወል ምን ዓይነት ድምፅ ነበረው? ለአምልኮ የሚጠራው ሰው ሲሰማው ደስ ይለዋል፤ ጌታው ሲሰማው ሰዓቱን ይቆጥራል። ላይል ፈሪ ነበር የሚሉ አሉ። እኔ አልልም። ያለዚያ ደወል አንድ እሑድ እንኳ እንደማይሰበሰቡ ያውቅ ነበር፤ ከተሰበሰቡ ደግሞ ወንጌል በሰው ልብ ውስጥ የሚሠራውን ማንም ጌታ ሰዓት ቆጥሮ እንደማያስቆመው ያምን ነበር ብዬ አስባለሁ። ደወሉን ግን አላመሰግነውም። ወንጌልን ለባለ ርስት ፈቃድ ማስገዛት ዋጋ አለው፤ ዋጋውን የከፈሉት ደግሞ ባሪያዎቹ ናቸው። በ1831 የገና ሰሞን ጃማይካ ውስጥ የተነሣውን ታላቅ የባሪያዎች ዐመፅ የመራው ሳሙኤል ሻርፕ የባፕቲስት ዲያቆን ነበር። ተሰቀለ። እርሱ ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ በ1834 በእንግሊዝ ግዛቶች ባርነትን የሚሽረው ሕግ ሥራ ላይ ዋለ። ያ ዲያቆን የማንንም ደወል አልጠበቀም።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልሻገር። የላይልን ወገኖች የገዟቸው ሰዎች አረመኔዎች አልነበሩም፤ ጸሎተኞች ነበሩ። ጆርጅ ዋይትፊልድን ውሰዱ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መነቃቃት እንደ እርሱ ያለ ሰባኪ አልነበረም፤ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ሜዳ ላይ ቆሞ እያለቀሰ ይሰማው ነበር። በ1740 በሳቫና አጠገብ ለወላጅ አልባ ሕፃናት ቤት መሠረተ። ጆርጂያ በመጀመሪያ ባርነትን የከለከለች ግዛት ነበረች። ዋይትፊልድ እንዲፈቀድ ወተወተ፤ በ1751 ክልከላው ተነሣ። ባሪያዎችም ገዛ፤ ለወላጅ አልቦቹ ቤት ማስተዳደሪያ እንዲሠሩ። ለሙት ልጅ የሚያለቅስ ዓይን የሌላውን ልጅ ከእናቱ ጉያ ሲነጥል ሳያለቅስ ቀረ። ጆናታን ኤድዋርድስም እንዲሁ ነው፤ በ1731 ኒውፖርት ወርዶ ቬነስ የምትባል የ14 ዓመት ልጅ ገዛ።

ስብከታቸውን ጣሉት አልላችሁም። ታሪካቸውን ስናወራ ግን ቬነስን ከታሪኩ አናውጣት።

በፊላዴልፊያ በቅዱስ ጊዮርጊስ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን የሆነውንም ስሙ። ጥቁር ምእመናን ወደ ሰገነቱ እንዲወጡ ተደርጓል። ጸሎት ተጀምሯል፣ ሁሉም ተንበርክኳል። አንድ የቤተ ክርስቲያኑ ሹም መጣና አብሳሎም ጆንስን ከተንበረከከበት ይጎትተው ጀመር፤ ቦታህ እዚህ አይደለም እያለ። ጆንስ ጸሎቱ እስኪያልቅ ብቻ እንዲታገሠው ለመነው። ሰውየው አልታገሠም። አጠገቡ ሪቻርድ አለን ተንበርክኮ ነበር፤ በባርነት ተወልዶ ነጻነቱን በገንዘቡ የገዛ ሰባኪ። ጸሎቱ ሲያልቅ ሁሉም በአንድነት ተነሥተው ወጡ፤ አልተመለሱም።

በ1793 ቢጫ ወባ ፊላዴልፊያ ገብቶ ሀብታሙ ከተማውን ጥሎ ሲሸሽ፣ እነ አለንና ጆንስ ወገኖቻቸውን አስተባብረው ሕሙማንን አስታመሙ፣ ሬሳ አነሡ፣ ቀበሩ። ከጉልበታቸው ላይ ለጎተታቸው ከተማ! በቀጣዩ ዓመት አለን አንድ አሮጌ የብረት ቀጥቃጭ ቤት ገዝቶ በራሱ ፈረሶች አስጎትቶ በስድስተኛው ጎዳና ላይ በነበረው መሬቱ አቆመው፤ ቤተ ክርስቲያን አደረገው። ስሙም ቤቴል ተባለ። በ1816 አለን የአፍሪካ ሜቶዲስት ኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያ ጳጳስ ሆነ።

እህቶቼ፣ የእናንተንም ስም ሳልጠራ አላልፍም። ቤትሲ ስቶክተን በኒው ጀርሲ በባርነት ተወልዳ፣ ነጻ ወጥታ፣ በ1823 ሐዋይ ደርሳ ላሃይና ላይ ለተራው ሕዝብ ልጆች ትምህርት ቤት ከፈተች። ከዚያ በፊት በዚያ አገር ትምህርት ለመኳንንቱ ነበር።

ሦስተኛውና የመጨረሻው፤ እኛ።

በ1808 ኒውዮርክ ውስጥ ጥቁር ምእመናን እንደ አለን ሰገነት አንወጣም ብለው ቤተ ክርስቲያን መሠረቱ። ስሟን ምን አሏት? የአቢሲኒያ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን። ዛሬ ሐርለም ውስጥ አለች። የቤተ ክርስቲያኒቱ ትውፊት ከወጡት መካከል ከአገራችን የመጡ ነጋዴዎች እንደነበሩ ይናገራል። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1954 አሜሪካን ሲጎበኙ ወደዚያች ቤተ ክርስቲያን ሄደው መስቀል አበርክተዋል። እነዚህ ሰዎች የአገራችንን ስም ከመዝሙረ ዳዊት አንብበው፣ ተሸክመውት ኖረዋል። እኛ እዚህ አገር ከመግባታችን ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ስማችን በራቸው ላይ ተጽፎ ነበር።

እንግዲህ ጥያቄውን ላንሣው። ይህን ስም ከተሸከሙት ወገኖች ጋር ምን ያህል እንተዋወቃለን? እናንተም እኔም መልሱን እናውቃለን። ልጆቻችንን «ከእነርሱ ጋር እንዳትውሉ» ብለን የምንመክር ወላጆች በዚህ አዳራሽ አለን። እኔም ይህን ምክር በጆሮዬ ሰምቼ ዝም ያልኩበት ቀን አለ፤ ዛሬ በፊታችሁ ዝም ማለቴ ኃጢአት እንደነበረ እናገራለሁ። ነጻ ሰው ሆነን ገብተን ያገኘነውን መብት በደም የከፈሉልን እነርሱ ናቸው። ከአውሮፓና ከአሜሪካ ሚሲዮናውያን ወንጌል እንደመጣልን በየጉባኤው እንመሰክራለን፤ ተገቢም ነው። ነገር ግን ወላይታ ላይ ጣልያን ሚሲዮናውያኑን በ1937 ሲያስወጣ የተጠመቁት አማኞች 48 ነበሩ፤ ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ያገኙት ግን በሚሲዮኑ ዘገባ 10,000 ያህል ነበር። ያን ያደረጉት ደሞዝ የማይከፈላቸው፣ ተገርፈው የታሰሩ ገበሬዎች ናቸው። የወላይታው ገበሬና የኪንግስተኑ ባለጋሪ በምድር አልተያዩም፤ ሥራቸው ግን አንድ ነው። የእኛ ቤተ ክርስቲያን የትውልድ ሐረግ በዚህም በዚያም ወገን ወንጌልን ተሸክሞ ያለፈ ሰው አለበት።

ከዚህ አዳራሽ መንገዱን ተሻግሮ፣ ከነዳጅ ማደያው ቀጥሎ ያለችውን ቀይ ሸክላ ቤተ ክርስቲያን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። እሑድ እሑድ መኪናችንን በሯ ላይ እናቆማለን። ባለፈው ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ገባሁ። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት፣ ነጭ ጓንት ያደረጉ፣ እጄን ይዘው ወደ ፊተኛው ወንበር ወሰዱኝና አስቀመጡኝ። ከየት እንደመጣሁ ሲጠይቁኝ ከኢትዮጵያ አልኳቸው። እጄን አልለቀቁትም። ይህን ያህል ዓመት ስትሰበሰቡ እናያችኋለን፣ ለምን መጥታችሁ አታውቁም አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ።

የኮሚቴው ወጣቶች፣ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። እስከሚቀጥለው ወር ድረስ እያንዳንዳችሁ አንድ እሑድ ወደዚያች ቤት ግቡ። ለመስበክ አትሂዱ፣ ፎቶ ለማንሣትም አትሂዱ፤ ተቀምጣችሁ አብራችሁ ዘምሩ። ሽማግሌዎቻችን፣ መጋቢያቸውን በዚህ መድረክ ላይ ጋብዙልን። የእነርሱ አምልኮ ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ይጀምራል፣ የእኛ ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት። ሰዓቱ አይጋጭም።